«ካል» የማትለው ምራት

ከሆሳዕና ከተማ የወጣሁበት ዋዜማ ዝናቡ አላባራም ነበር። ጭነት መኪናው ጎህ ሳይቀድ ይነሳል ስለተባለ ቤታችን ውስጥ የተኛ ሰው አልነበረም። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ፣ ቦታ ያጣው በረንዳ ላይ ተጠጋግቶ፣ አንዱ ይጸልያል፣ አንዱ ይመክራል፣ አንዷ ጎረቤቴ ደግሞ በቆርቆሮ የጠቀጠቀችውን ቅቤ ሻንጣዬ ውስጥ ለመክተት ከልብሶቼ ጋር ትታገላለች።

«ጀርመን አገር ላም የለም እንዴ?» ብላት፣

«ላምስ ይኑር፣ ኮሰረት አለ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ይኸው ዛሬም ድረስ ኮሰረት የሚባል ነገር እዚህ አላየሁም።

ባለቤቴ ሄራሞ መምህር ነው። ለትምህርት ወደ ጀርመን ተልኮ ከሄደ ዓመት አልፎት ነበር፤ አሁን እኔ ልከተለው ነው። የምተዋቸው ሰው ደግሞ አማቴ፣ የሄራሞ አባት ናቸው። በዚያ ምሽት እንደ ልማዳችን ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጠው ነበር፤ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ።

ይህን ታሪክ የምታነቡ የሌላ አገር ልጆች እንዳይደናገራችሁ ላስረዳችሁ። እኔ የተወለድኩት ሺንሺቾ፣ ከምባታ ነው፤ ያገባሁት ሆሳዕና፣ ሃድያ ቤት። በሁለቱም ዘንድ ምራት የባሏን አባት ዓይን ለዓይን አታይም፣ ስማቸውንም አትጠራም። ስማቸውን ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ስማቸው የሚጀምርበትን ድምፅ ይዞ የሚነሳውን ቃል ሁሉ ትተወዋለች፣ በቦታው ሌላ ትፈልግለታለች። እኛ ባሊሻ እንለዋለን። ብዕር ከንፈር የለውምና አንድ ጊዜ ልጻፈው፤ አማቴ ካልቦሬ ይባላሉ።

እንግዲህ አስቡት። ሌሎች ምራቶች አማርኛ ሲናገሩ ነገሩን ላላ ያደርጉታል፤ የኔ ምላስ ግን ቋንቋ አይለይም። ካልሲ ማለት አልችልም፤ «የእግር ሹራብ» እላለሁ። ሰው ሁሉ «ካልዘነበ እንሄዳለን» ሲል እኔ «ዝናቡ ከቀረ» እላለሁ። «ካልሆነስ?» ብዬ የጠየቅሁበት ቀን የለም። የጸሎት ቤታችን ወንጌላዊ በዚህ ይስቁብኝ ነበር። «ዘነበች፣ እምነትሽ ከሁላችን ይበልጣል። አንቺ ቤት ‹ካልሆነስ› የሚባል ቃል የለም» ይሉኛል። አንዳንዶቹ ወንድሞች ግን አይስቁም፣ ይገስጻሉ። «በጌታ አዲስ ሰው ሆነሽ ይህን የድሮ ነገር ለምን አትተዪውም?» ይሉኛል። እኔም «ወላጆችን አክብሩ ተባልን እንጂ በስማቸው ጥሯቸው አልተባልንም» እላቸዋለሁ።

አማቴ በዕድሜ ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶባቸዋል። በየማታው ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ቅዱስ ቃሉን በአማርኛ አነብላቸዋለሁ፣ ሲደክመኝ መዝሙር እዘምርላቸዋለሁ። ድሮ በልማዱ ምክንያት ፊቴን በደንብ አላዩትም፤ አሁን በዓይናቸው ምክንያት አያዩትም። የሚያውቁኝ በድምፄ ነው። በዚያች ምሽት ሰው ሁሉ መክሮኝ ሲጨርስ ከመጋረጃው ወዲያ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ እዚያ አገር ብርዱ ክፉ ነው አሉ። ጉሮሮሽን ሸፍኚ። እኔ አንቺን ወደማይበት ዓይን አልመለስም፤ ድምፅሽን ግን ሳታጎድዪ አምጪልኝ።»

«አሜን አባባ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ጭቃው፣ መኪናው፣ አዲስ አበባ፣ አውሮፕላን። አውሮፕላኑ ሲነሳ ጮክ ብዬ ጸለይኩ፤ አጠገቤ የነበረው ነጭ ሰውዬ የምዘምር መስሎት አጨበጨበልኝ።

ሄራሞ የሚኖርባት ከተማ ራይን በሚባል ትልቅ ወንዝ ዳር ነች። በገባሁ ሳምንት ነዋሪ ወደሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት ወሰደኝ። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያደረገ ሹም ፓስፖርታችንን ገልብጦ ገልብጦ፦

«የቤተሰብ ስማችሁ ማነው?» አለ። ሄራሞ ይተረጉምልኛል።

«የለንም» አለው ሄራሞ።

«እንዴት የላችሁም? ቤተሰብ የላችሁም?»

«ቤተሰብማ ሞልቶናል። ስሙ ነው የሌለን።»

ሹሙ ተነፈሰ። «አንተ ሄራሞ ካልቦሬ ነህ። ስለዚህ እሷ ፍራው ካልቦሬ ነች።»

ሄራሞ በሳቅ ፈነዳ። «ምን አለ?» ብለው፣ «ፍራው ወይዘሮ ማለት ነው፤ የአባባ ሚስት አደረገሽ» አለኝ።

ጉንጬን ያዝኩ። «ንገረው እንጂ! የልጃቸው ሚስት ናት በለው! በጌታ ባረፉት እናትህ ቦታ ላይ ሊያስቀምጠኝ ነው?»

ሄራሞ ነገረው። ሹሙም «እሺ፣ ያንቺስ አባት ማነው?» አለ። «አነሞ።» «የአነሞ የቤተሰብ ስምስ?» «አባቱ ነዋ፣ የአነሞ አባት…» ሹሙ እጁን አነሳ። «ክቡር ሆይ፣ በዚህ አካሄድ ኖኅ ላይ እንደርሳለን። ፍራው ካልቦሬ። የሚቀጥለው ይግባ!»

እንዲህ ሆኖ በአፌ የማልጠራው ስም የኔ ስም ሆነ። በር ላይ ተለጠፈ፣ በየሱቁ ተጠራሁበት። ስምሽ ማነው ሲሉኝ «ዘነበች» እላለሁ፣ እነሱ ግን ሌላኛውን ነው የሚፈልጉት። ጣቴን ፓስፖርቱ ላይ አስቀምጣለሁ። ማንበብ የማታውቅ ምስኪን ናት ብለው ያዘኑልኝም ነበሩ።

የቤቱ ባለቤት ፍራው ክሩገር የምትባል ባልቴት ናት፤ ከታች ትኖራለች፣ እኛ ከላይ። ምድጃውን የምታነድልን እሷ ነች። የቅቤውን ቆርቆሮ የከፈትኩ ቀን ደረጃውን ወጥታ «ፍራው ካልቦሬ፣ እዚህ ቤት የሞተ ነገር አለ?» አለችኝ። ሄራሞ «የአገራችን መድኃኒት ነው» ብሎ አዳነኝ። በማግስቱ ለጉልበቷ ትንሽ ስጪኝ ብላ መጣች፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ሽታው አላነሳችም።

ከብርዱ ግን ማንም አላዳነኝም። የኛ አገር ብርድ ማታ መጥቶ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል። የዚህ አገሩ አያፍርም፣ ወራት ይቀመጣል። ክረምታቸው የገባ ሰሞን ፍራው ክሩገር የከሰል ባልዲዋን ይዛ ደጃፌ ላይ ቆመችና «ኢስት ኤስ ካልት?» አለችኝ። ብርድ ነው ወይ ማለቷ ነው። ካልት! ከቃላቸው ሁሉ መርጠው ብርዱን ካልት ብለውታል!

ጥርሴ እየተንገጫገጨ «ኒሽት ዋርም» አልኳት፤ ሙቀት የለም ማለቴ ነው።

«አዎ፣ ሙቀት የለም። ግን ካልት ነው?»

«ኒሽት ዋርም።»

«ካልት ነው ወይስ አይደለም?»

«በጣም ኒሽት ዋርም።»

አየችኝ፣ አሰበች፣ የከሰል ባልዲዋን አንስታ ተመልሳ ወረደች። ለጎረቤቷ «አፍሪካዊቷ ሴት የሚገርም ጤና ነው ያላት፤ አንድ ቀን በረደኝ ብላ አታውቅም» ስትል ሄራሞ ሰማት። ልንገራት ቢለኝ አፍሬ ከለከልኩት፤ እሱ አልብሶኝ፣ ጉሮሮዬን እንደታዘዝኩት ሸፍኜ፣ ከወር በላይ እንዲያ ሰነበትን።

ጤና ግን አልነበረኝም። አጥንቴን ሁሉ የሚቆረጥመኝ፣ ውኃ ጠጥቼ የማልረካው፣ ጎኔን የሚወጋኝ ከሆሳዕና ጀምሮ ነው። እዚያ «ብርድ ነው» ይሉኝ ነበር፣ አንዳንዱ ደግሞ ስንፍና ነው ይላል። አንድ ቀን የታጠበ አንሶላ እየጠመዘዝኩ ሳለ የእጄ አንጓ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። አንሶላ ሲጠመዝዙ እጅ ይሰበራል? ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። የእጄን የራጅ ፎቶ ያየችው ወጣት ሐኪም ፊቷ ተለዋወጠ። አጥንቶቼ እንደ ወንፊት ሆነዋል፤ ኩላሊቴ ውስጥም ጠጠር አለ። ደሜን ደጋግመው ከወሰዱ በኋላ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር እኔንና ሄራሞን አስቀምጦ ወረቀት ላይ አራት ነጥብ አደረገ።

«አንገትሽ ውስጥ፣ እንቅርት ከሚወጣበት እጢ ጀርባ፣ የምስር ፍሬ የሚያህሉ አራት ትንንሽ እጢዎች አሉ» አለኝ።

«እንቅርት የለብኝም» አልኩ።

«የለብሽም። እነዚህ ሌሎች ናቸው።» ስማቸውን ነገረኝ፤ ኔበንሺልድድሩዘን። ስሙ ከእጢው ይበልጣል። ከአራቱ አንዷ አብጣ ባቄላ አክላለች፤ ሥራዋንም ያለ ልክ ትሠራለች። በመጠን ማድረግ የሚገባትን፣ ከአጥንቴ ውስጥ ነጩን የድንጋይ ዓይነት ነገር ሌት ተቀን እየዛቀች ወደ ደሜ ትልካለች።

እኔ በራሴ መንገድ ገባኝ። የቆጮ ጉድጓድ ያላት፣ እንግዳ ያለ መጠን የምትወድ ሴት አላችሁ አይደል? መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ጉድጓዱን እየከፈተች የምታበላ? እጢዬ እንደዚያ ሆናለች። የአጥንቴን ጉድጓድ እያራቆተች ለደሜ ታካፍላለች፣ ደሜ ጠግቦ የተረፈውን ኩላሊቴ ድንጋይ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ይህን ሄራሞ ሲተረጉምለት ፕሮፌሰሩ «ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ» ብሎ ሳቀ።

የዚያ የነጩ ነገር ስም ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ካልሲየም። እነሱ ካልትሲዩም ይሉታል። አባባ፣ እስከ አጥንቴ ድረስ ተከትለውኛል አልኩ በልቤ።

«በቀዶ ሕክምና እናወጣታለን» አለ ፕሮፌሰሩ። «ዝም ብንላት አጥንትሽ መሰበሩን ኩላሊትሽም መጎዳቱን አይተውም። አንድ ነገር ግን ማወቅ አለብሽ። የድምፅሽ ነርቭ እንደ ክር ቀጥና እዚያው አጠገብ ታልፋለች። እንጠነቀቃለን። ብትነካ ግን ድምፅሽ ሊሰልል፣ ሊጠፋም ይችላል።»

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ የአንገት ቢላዋ ድምፅ ይዞ ሲሄድ ግን ሰምቼ አላውቅም። ክንዴም ጎኔም ሳይሆን ጉሮሮዬ! ሸፍኚ የተባልኩት ጉሮሮዬ! ድምፄ ከጠፋ ነገ ሆሳዕና ብመለስ ለአማቴ እኔ ማነኝ? ከመጋረጃው ወዲህ የምትተነፍስ አንዲት ሴት ነኝ። ይቺ ናት ቢሏቸው በምን ያምናሉ?

ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ሄራሞ «ካልሆነስ፣ ዘኑ?» አለኝ። አለቀሰም። ልመልስለት አፌን ከፈትኩ፤ እሱ የጠየቀበትን ቃል እኔ ደግሜ እንኳ ልለው አልችልም። ያን ጊዜ ሳቄ መጣ። ወንጌላዊያችን በቀልድ የተናገሩት ትዝ አለኝ። «ሄራሞዬ፣ ይህ ቃል እኔ ዘንድ የለም፤ የሰጠ ጌታ ይጠብቀዋል» አልኩት። ተንበርክከን ጸለይንና ይሁን አልን። የመዝሙሮቼን ሁሉ እየዘመርኩ ነበር ሐኪም ቤት የገባሁት፤ ምናልባት ስንብት ይሆን እንደሆነ ብዬ አንዱንም አላስቀረሁም። አብራኝ የተኛችው አሮጊት አንድ ቃል ሳይገባት «ኖኽ አይንማል» ትለኛለች፤ ድገሚው ማለቷ ነው።

ስነቃ የመጀመሪያው የተሰማኝ ብርድ ነው። ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል። ሽቬስተር ኢንገ የምትባለው ነርስ ጎንበስ ብላ ፊቷን ፊቴ ላይ አደረገች።

«ፍራው ካልቦሬ! ይሰሙኛል? ስምዎን ይንገሩኝ። ሙሉ ስምዎን።»

አየኋት። መስማቱንስ እሰማለሁ።

«በሉ ከኔ ጋር፦ ፍራው ካል-ቦ-ሬ።»

ዝም አልኩ።

«በርዶዎታል? ካልት ነው? ካልት ይበሉኝ!»

ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ ማደንዘዣው ገና አልለቀቀኝምና በቦታው የማስገባው ቃል አልመጣልኝም። ሽቬስተር ኢንገ ቀና አለች፣ ነጣች፣ ሮጣ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ ፕሮፌሰሩ የቀዶ ሕክምና ቆቡን እንኳ ሳያወልቅ ገባ፤ ከኋላው ወጣቷ ሐኪም፣ ከኋላዋ ሄራሞ። አልጋዬ ላይ ተቀመጠ፤ እጄን ያዘ። 

«እባክሽ አንድ ቃል ብቻ» አለኝ ቀስ ብሎ። «የምታውቂውን ቃል። እ… ካልትሲዩም። ካልትሲዩም በዪኝ።»

እኔስ ምን በደልኩ? ከዚህ ሁሉ ጀርመንኛ ሦስት ጊዜ መርጠው መርጠው! አዘንኩለትም፤ ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። ያለኝን ጉልበት ሁሉ ሰበሰብኩና፦

«ሄር ፕሮፌሰር» አልኩት፣ «ቢተ… አይን አንደረስ ቮርት።»

እባክዎ፣ ሌላ ቃል ይስጡኝ።

ድምፄ ነበር! ትንሽ ሻከር ያለ፣ ግን የኔው፣ ሙሉው። ሄራሞ ግድግዳውን ተደግፎ እየሳቀ እያለቀሰ ለሰዎቹ ባሊሻን ያስረዳል። ፕሮፌሰሩ ሲገባው ቆቡን አውልቆ ጭኑን መታበት፣ ሽቬስተር ኢንገ ጎንበስ ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። «ሠላሳ ዓመት ቀድጃለሁ» አለ ፕሮፌሰሩ፣ «እንዲህ ያስደነገጠኝ አማት አላየሁም።» እጢዋን በብልቃጥ አሳዩኝ፤ ቢጫና ቡኒ የተቀላቀለባት ባቄላ የምታህል ነገር ናት። ያን ሁሉ መከራ ያበላችኝ ይቺ ናት? አልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን።

የተራበ አጥንት ደግሞ ሲያገኝ ይሻማል አሉኝ፤ ደሜ ውስጥ ያለውን ነጩን ነገር ቶሎ ይስበዋል። «ከንፈርሽ ዙሪያ ጉንዳን የሚሄድ ሲመስልሽ ካልትሲዩም ብለሽ ተጣሪ፣ መርፌ እንሰጥሻለን» አሉ። ጉንዳኑ መጣ። «ክራይደ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ጠመኔ ማለት ነው። የመምህር ሚስት አይደለሁ? ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍሉ ነርሶች ሁሉ መርፌውን ጠመኔ አሉት። ፍራው ክሩገርም ልትጠይቀኝ መጥታ የብርዱን ነገር ከሄራሞ ሰማች፤ ፊቷ ቀላ። ቤት ስመለስ ምድጃው ጉምጉም እያለ ጠበቀኝ፤ ደጃፌ ላይ በመጣች ቁጥርም «ኒሽት ዋርም?» ነው የምትለኝ። በጸደይ ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ። በቡላና በወተት የሚሠራውን የሃድያን አታካና የሚያበላኝ ባገኝ ደግሞ ዘልዬ ጣሪያ እነካ ነበር፤ የነሱ ወተት መልካም ነው፣ ግን ቡላ የማያውቅ ወተት ምን ይሆናል?

ሆሳዕና ስልክ ከገባ ብዙም አልቆየም ነበር። ሄራሞ በገበያ ቀን እንደምንደውል ለአባባ አስቀድሞ መልእክት ላከ። ፖስታ ቤት ገባንና ጀርመኒቱ የስልክ ሠራተኛ አዲስ አበባን ጠራች፣ አዲስ አበባ ሆሳዕናን ጠራ፤ ከብዙ ጩኸትና ፉጨት በኋላ የአገሬን ቅላፄ ሰማሁ።

«ሆሳዕና ነው! ማንን ላቅርብ?»

«የመምህር ሄራሞን አባት።»

«ኧረ ሴትዮ፣ ደጁ ገበያ ነው፣ መምህር ሄራሞ ሁለት ሦስት አለ! የሰውዬውን ስም ንገሪኝ፣ ልጥራ!»

ዝም አልኩ።

«ሄሎ! ስም! መስመሩ ይቆረጣል!»

እጀታውን ለሄራሞ ላቀብል ዞርኩ። ከዚያ ሰውዬው ሳቀ። «ኧረ! ምራት ነሽ እንዴ? እናቴም እንዲሁ ናት!» ወደ ደጅ ዞሮ ሲጮህ ይሰማኛል፦ «ምራቱ ስሙን የማትጠራው ሰው ማነው? ይግባ፣ ከጀርመን ይፈልጉታል!» ደጁ በሳቅ ሞላ። ከሳቁ መሃል ዱላ መሬት ሲመታ፣ ከዚያም ትንፋሽ ተሰማኝ።

«እኔ ነኝ» አሉ አማቴ።

«አባባ! ዘነበች ነኝ። ድኛለሁ፣ ጌታ ይባረክ!»

አባባ ግን አላመኑኝም። «ልጄ፣ ገበያው ሌላ ነው የሚለኝ። ጉሮሮዋን ቀደዋታል፣ ድዳ ሆናለች፣ ልጅህ እንዳታዝን ብሎ በሌላ ሴት አፍ ያናግርሃል አሉኝ። ዘነበች ነኝ ማለትን ማንም ይላል። ይህ ሽቦ ደግሞ የሰውን ድምፅ የድመት ያደርገዋል።»

«አባባ፣ እኔው ነኝ።»

«እንግዲያው ስሜን ጥሪ።»

 እኔ የስልኩን እጀታ በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ጥሪ እንጂ። እኔው ፈቀድኩልሽ።»

«አባባ» አልኩ፣ «ሌላ ቃል ይስጡኝ።»

ከዚያ የሰማሁትን ጩኸት እስክሞት አልረሳውም። «እሷ ናት! ሰዎች፣ ምራቴ ናት! ድምፅዋም ልቧም ደህና ነው!» ገበያው እልል አለ፤ የስልክ ቤቱ ሰውዬም አብሮ እልል አለ። ያ እልልታ በሽቦው ተጉዞ የጀርመን ፖስታ ቤት ውስጥ ሲወጣ ቴምብር የሚገዙት ሰዎች ዞረው አዩን።

አማቴ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ማታ ማታ የሚያነብልኝ አለ፣ ግን ይቸኩላል። እርጅናም መጥቷል፣ ልጄ። ካልመጣሽ…»

መስመሩ ተቆረጠ።

ጀርመኒቱ ደጋግማ ሞከረች፣ አልሆነም። ሄራሞ ትምህርቱን ለመጨረስ ገና ብዙ ቀርቶታል። እጀታውን እንደያዝኩ «አባባ መጨረሻ ላይ ምን አሉሽ?» አለኝ።

እንዳሉት ልነግረው ፈለግሁ፤ ምላሴ እምቢ አለች።

«ልትመጪ ነው አሉኝ» አልኩት።